ሜዳሊያ የማይደርሰው ሰው

ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ያረፉት ግንቦት 8 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው፤ 69 ዓመታቸው ነበር። ያን ሰሞን ሬዲዮውም ፌስቡኩም ስለ እሳቸው ብቻ ያወራ ነበር። እኔ መራዊ ተማሪ ነበርኩ። ኃይሌን፣ ደራርቱን፣ ቀነኒሳን የማያውቅ ልጅ በክፍላችን አልነበረም። ከሩጫው ዳር ቆመው ሰዓት የሚይዙትን ሰው ስም ግን ብዙዎቻችን በወጉ የሰማነው የሞት ዜናቸው ሲነገር ነው።

ነገሩ አይገርምም። ኦሊምፒክ ላይ ለአሰልጣኝ ሜዳሊያ አይሰጥም። መድረኩ ላይ የሚወጣው ሯጩ ነው፣ ባንዲራውን የሚለብሰውም ሯጩ ነው። አሰልጣኙ ካሜራ ካገኘው አገኘው፣ ካላገኘውም በቃ።

ዶክተሩ ራሳቸው በወጣትነታቸው መካከለኛ ርቀት ይሮጡ ነበር። ሀንጋሪ ሄደው የስፖርት ትምህርት ተምረው ተመለሱ፤ ከዚያም ዕድሜያቸውን ለብሔራዊ ቡድኑ ሰጡ። ጥብቅ ነበሩ፤ ሰዓት ማርፈድ አይወዱም፣ ሰበብም አይሰሙም። ባርሴሎና ላይ እ.ኤ.አ. በ1992 ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስትወስድ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ባለወርቅ ሆነች። ከአራት ዓመት በኋላ አትላንታ ላይ ፋጡማ ሮባ ማራቶኑን አሸነፈች፤ ይህንንም ከአፍሪካ ሴቶች ቀድሟት ያደረገ የለም። በ2000 ሲድኒ ላይ ኃይሌ፣ ደራርቱ፣ ሚሊዮን ወልዴና ገዛኸኝ አበራ አራት ወርቅ ይዘው መጡ። ይህ ሁሉ የሆነው በዶክተሩ ዘመን ነው።

ከእነዚህ ሁሉ እኔን የምታስጨንቀኝ ግን አንዷ ሩጫ ናት። ሲድኒ ላይ ኃይሌ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ነው፤ 27:18.20 ለ 27:18.29። ሃያ አምስት ዙር ተሮጦ ልዩነቱ ዓይን ከመጨፈን ያነሰ ነው። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ እጁ ካልኩሌተር ፍለጋ ይሄዳል። ከዚያች ዘጠኝ መቶኛ ውስጥ የአሰልጣኙ ድርሻ ስንት ነው? ያለ እሳቸው ወርቁ ብር ይሆን ነበር? መልስ የለውም፤ ምክንያቱም ያለ እሳቸው የተሮጠ ሌላ ሲድኒ የለም።

ለመምህር ግን የሞከረው አለ። ራጅ ቼቲ የተባለው ኢኮኖሚስት ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመው ጥናት ከአንድ ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ልጆችን የትምህርት መዝገብ ካደጉ በኋላ ከከፈሉት ግብር መዝገብ ጋር አገናኘ። ከመጨረሻዎቹ 5 በመቶ ውስጥ የሚመደብን ደካማ መምህር በመካከለኛ መምህር ብትተካ የአንድ ክፍል ተማሪዎች የዕድሜ ልክ ገቢ በዛሬ ዋጋ ተሰልቶ ወደ 250 ሺህ ዶላር ይጨምራል ይላል። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ሁላችንም የያዝናት ይህችን ቁጥር ነው። እዚያው ጥናት ውስጥ ሌላም አለ። በጎበዝ መምህር የተማሩ ልጃገረዶች በአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ የመውለድ ዕድላቸው ይቀንሳል። ጎጃም ያደገ ሰው የትኛው እንደሚበልጥ አይጠፋውም።

ከዶክተር ወልደመስቀል በፊት ደግሞ ሌላ ሰው አለ። አርሲ ውስጥ በቆጂ የምትባለው ከተማ ያፈራችውን የኦሊምፒክ ወርቅ ብዙ አገር አላፈራውም። እዚያ ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ። ደራርቱን ገና ተማሪ ሳለች አይተው ያሠለጠኑ እሳቸው ናቸው፤ ቀነኒሳና ጥሩነሽም በእጃቸው አልፈዋል። ስለ ከተማዋ በ2012 የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ስላለ ስማቸው ወጣ እንጂ፣ ፊልም ያልደረሰበት ከተማ ውስጥ ያለ ፊሽካ ነፊ ማን ያውቀዋል?

የእኛው የመራዊው ፊልም አልደረሳቸውም። ስማቸውን አልጽፍም፤ ቤተሰባቸው በሰላም ይኑርበት። እኛ «ቲቸር» ነበር የምንላቸው፣ ወላጆቻችን «መምሬ»። መራዊን ለማያውቅ፣ ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ ሲኬድ ሠላሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በአንድ በኩል የቆጋ መስኖ፣ በሌላው ባሕር ዛፍ። የጎላችን ቋሚ ባሕር ዛፍ ነው፣ የመረብ ኳሱም ምሰሶ ባሕር ዛፍ ነው፣ የምንሮጠውም በባሕር ዛፍ መሐል ነው። ኳስ አንድ ነበረች። የሩጫ ሰዓት አልነበረም፤ ቲቸር በእጅ ሰዓታቸው ይይዙና ውጤቱን የጠመኔ ካርቶን ጀርባ ላይ ይጽፉ ነበር።

ትልቁ ሥራቸው ግን ሜዳ ላይ አልነበረም፤ አባቶችን መለመን ነበር። ሽንኩርትና ድንች በሚነሳበት ሰሞን ልጅ ማለት የሥራ ጉልበት ነው። «ሩጫ እንጀራ ይሆናል ወይ?» ይላል አባት። ቲቸር አይከራከሩም። ይሆናል ብለው አይዋሹም፣ ኃይሌንም አይጠቅሱም። «ጧት 12 ሰዓት ላይ ስጡኝ፣ 1 ሰዓት ተኩል ላይ እመልሰዋለሁ» ይላሉ። ደግሞም ራሳቸው ይዘውት ይመጣሉ፤ በር ድረስ። ከዚያ ወደ ክፍል፣ ማታ ደግሞ ወደ ቤታቸው፤ ላሚቱን አልበው ልጆቻቸውን ያስጠናሉ።

የሴቶቹ ነገር ደግሞ ከዚህ ይከብድ ነበር። ሴት ልጅ በቁምጣ? በዚያ ላይ ከወንድ መምህር ጋር በማለዳ? ቲቸር መጀመሪያ የገዛ ልጃቸውን አስሮጡ። ሰው አወራ። ባለቤታቸውም መጀመሪያ ላይ እንዳኮረፉ ሰምቻለሁ፤ በኋላ ግን ከልጃቸው ጋር ማለዳ ሜዳው ዳር ነጠላቸውን ተከናንበው ቁጭ ማለት ጀመሩ። እናት ካለች ወሬው መሠረት አጣ። በዓመቱ ሰባት ሴቶች ሆኑ። ከሰባቱ ኦሊምፒክ የደረሰች የለችም፤ የክልል ውድድር የሮጠች አንድ ብቻ ናት። ግን ስምንተኛ ክፍል ላይ ለጋብቻ ስሟ ሲነሳ «ሩጫዋን ትጨርስ» የተባለች አለች። ዛሬ ነርስ ናት። ይህንን በየትኛው ሠንጠረዥ እንደምናስገባው ቼቲ ራሱ መጥቶ ይንገረኝ።

ፌዴሬሽኑ አትሌት ሲመዘግብ ፎርሙ ላይ አንድ መስመር ቢጨምር ምን ይጎዳል? «መጀመሪያ ያሠለጠነህ መምህር፦»። ሜዳሊያ ሲመጣ መኪናውም መሬቱም ለባለሜዳሊያው ይሁን፣ ማንም አይቃወምም። ለዚያ መስመር ባለቤት ደግሞ ሁለት ኳስና አንድ የሩጫ ሰዓት ወደ ትምህርት ቤቱ ይላክ። ይህን ያህል ርካሽ ኢንቨስትመንት ሌላ ቦታ አላየሁም።

አሁን ግን ኳሱ ቢላክስ ማን ይቀበለዋል? ግጭቱ ከ2015 ማብቂያ ወዲህ በክልላችን ሚሊዮን ልጆችን ከትምህርት ገበታ አርቋል። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. መራዊ ውስጥ ቢያንስ 45 ሲቪሎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ገልጿል። ከዚያ ወዲህ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ «ልጅህን ስጠኝ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ቲቸር ራሳቸው ከዚያ በኋላ አላሉም።

ባለፈው ዓመት በሕመም አረፉ። ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ጠቦ ሰው ውጭ በድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ዩኒፎርሙን እንደለበሰ የመጣ የመንገድ ትራፊክ፣ ባጃጁን ጥጉ ላይ ያቆመ ሹፌር፣ ሁለት መምህራን፣ ያቺ ነርስ፤ ሁሉም የጧቶቹ ልጆች ነበሩ። ከቆጋ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀምጠው ብዙ ዝም ካሉ በኋላ፣ «ልጄን አንድ ቀን እንኳ አላስረፈደብኝም» አሉ።

ካርቶኖቹ ልጃቸው ጋ ናቸው። ከጀርባቸው ያለውን ስምና ሰዓት ወደ ደብተር እየገለበጠች ነው። ጠመኔው አልፎ አልፎ ጽሑፉን አጥፍቶታል፣ ዝናብ የነካውም አለ። ባለፈው ሳምንት ደውላ፣ «አበበ የሚባል ልጅ 3,000 ሜትር ላይ አለ፤ የአባቱ ስም ጠፍቷል፣ ታስታውሰዋለህ?» አለችኝ። በእኛ ጊዜ አበበ የሚባሉ ሦስት ነበሩ። የሦስቱንም ላክሁላት።