ቅዳሜ ማታ የት እንውጣ? ሰፈር ከመምረጣችሁ በፊት 5 ጥያቄዎች



በዚህ ሳምንት በውስጥ መስመር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ፈገግ አሰኝቶኛል። 8 ሆነው የጓደኛቸውን ልደት ሊያከብሩ ነው፤ ግማሾቹ ቦሌ ይላሉ፣ ግማሾቹ ሀያ ሁለት። ሊስማሙ ስላልቻሉ "ዶክተር ይፍረደን" ብለው ላኩልኝ።

መጀመሪያ "ኧረ ይሄ የጤና ገጽ ነው" ልል ነበር። በኋላ ግን ሳስበው የቅዳሜ ሌሊት ተረኛ ሆኜ ካየኋቸው ነገሮች ብዙዎቹ የሚጀምሩት እዚሁ ጋ ነው፣ ቦታ ሲመረጥ።

የራሴን ልንገራችሁ። የተመረቅን ሰሞን 6 ሆነን ወጣን። ቤቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ያየሁት ሙዚቃውንና ዋጋውን ብቻ ነበር። ከአስፋልት ርቆ ቅያስ ውስጥ ያለ፣ መስኮት የሌለው ምድር ቤት ነው። ውስጡ በሲጋራና በሺሻ ጭስ ታፍኗል። ከመሃላችን አንዷ አስም አለባት፤ ፓፏን ቤት ረስታዋለች፣ እኛም ይዘሻል ወይ ብለን አልጠየቅናትም። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ትንፋሽ አጠራት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቃታት። 5 አዲስ ዶክተሮች ከበናት ቆመናል፣ በእጃችን ግን ምንም የለም! የጠራነው ታክሲ ቅያሱን ሊያገኘው አልቻለም። ሾፌሩ "የት ጋ ናችሁ?" ይላል፣ እኛም የቦታውን ስም በትክክል አናውቀውም። ደግፈን አስፋልት ድረስ አወጣናትና ሐኪም ቤት አደረስናት፤ ኦክስጅንና መድኃኒት አግኝታ ተረፈች። አሁን ስታነሳብኝ እሷ ትስቃለች። እኔ ግን እስከ ዛሬ አልሳቅኩም።

ከዚያ ወዲህ ስወጣ እነዚህን 5 ነገሮች ሳልጠይቅ አልወጣም።

1. ከእኛ ውስጥ ማን አለ?

ሰፈሩ የሚመረጠው ለቡድኑ ጠንካራ ሰው ሳይሆን ጥንቃቄ ለሚያስፈልገው ሰው ነው። አስም ያለበት አለ? ስኳር? የሚጥል በሽታ? ነፍሰ ጡር አለች? ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ምግብ ሳይበላ ከጠጣ ስኳሩ ሌሊት ላይ በጣም ሊወርድ ይችላል። የሚያሳዝነው ደግሞ ምልክቱ ስካር ይመስላል፤ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያልበዋል፣ ይንተባተባል። ጓደኞቹ "ሰክሮ ነው፣ ይተኛ" ብለው ይተዉታል። የሚጥል በሽታ ላለበት ደግሞ እንቅልፍ ማጣትና አልኮል አንድ ላይ ሲሆኑ ሕመሙን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ሜትሮኒዳዞል ጀምራችሁ ከሆነ ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ያን ቀን አልኮል ይቅርባችሁ።

2. መኪና በሩ ድረስ ይገባል ወይ?

አምቡላንስም ሆነ ታክሲ በቀላሉ የሚያገኘው ቤት ይሁን። ወደ ቤት የምትመለሱበትን ነገር ሳትጠጡ ወስኑ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚወሰን ውሳኔ ጥሩ አይሆንም። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 5 በመቶ አልኮል ካለው ውስጡ 13 ግራም ገደማ ንጹህ አልኮል አለ። ጉበታችን ይህን ለማስወገድ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል፣ ያውም ለእያንዳንዱ ጠርሙስ። ስለዚህ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት 6 ቢራ የጠጣ ሰው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ "ደህና ነኝ" ብሎ መሪ ሲይዝ ደሙ ውስጥ አልኮል ሊኖር ይችላል። ቡና፣ ቀዝቃዛ ሻወር፣ ትኩስ ሾርባ? ያነቃቁ ይሆናል እንጂ ጉበትን አያፈጥኑም።

3. አየሩ እንዴት ነው? ድምፁስ?

በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ቤት ውስጥ ባሉ የሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ማጨስ ክልክል ነው፤ ባርና የምሽት ክበብም ጭምር። ሺሻም ተከልክሏል። ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥም እንዲሁ። ስለዚህ በር ላይ ቆማችሁ ጭስ ከሸተታችሁ ተመለሱ፣ አታፍሩ። ገብታችሁ ስትቀመጡ ደግሞ ሁለተኛው መውጫ በር የት እንዳለ እዩ። ፒያሳ ጣይቱ ሆቴል የነበረው ጃዝ አምባ በ2007 ዓ.ም. በእሳት መውደሙን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ።

ድምፁን በተመለከተ፣ በክንድ ርቀት ላለ ጓደኛችሁ መጮህ ካስፈለጋችሁ ለጆሮ በዝቷል ማለት ነው። 100 ዴሲቤል በሚደርስ ድምፅ ውስጥ ጆሮ ጉዳት የሚጀምረው ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው። ከስፒከሩ ራቁ፣ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ውጡ። በማግስቱ ጆሯችሁ ጭው ካለ ማስጠንቀቂያ ነውና እንደ ቀልድ አትለፉት።

4. ምን ይበላል? ምን ይጠጣል?

ምግብ ያለበት ሰፈር ምረጡ፤ በባዶ ሆድ የተጠጣ አልኮል ቶሎ ወደ ደም ይገባል። ክትፎ ካማራችሁ በስሎ ይምጣላችሁ። ለብለብ የኮሶ ትልን በእርግጠኝነት አይገድልም፣ ጥሬማ አይነሳ። ምንጩ የማይታወቅ አረቄ አትጠጡ። ከጠጡ በኋላ ዓይን ብዥ ካለ ወይም ማየት ካስቸገረ ደግሞ ነገ አትበሉ፣ በዚያው ሌሊት ሐኪም ቤት።

5. ስንወጣ ስንት ነበርን?

8 ሆናችሁ ከሄዳችሁ 8 ሆናችሁ ተመለሱ። ከቤት ቤት የሚዘዋወር ቡድን በየመንገዱ ሰው ይጥላል። አንድ ሰው ያን ቀን እንዳይጠጣ አድርጉ፤ ሂሳቡን እናንተ ቻሉለት። ብርጭቋችሁን ጥላችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ ተመልሳችሁ አትጠጡት፣ ሌላ እዘዙ።

ታዲያ የትኛው ሰፈር?

ቦሌ መንገዱ ሰፊ ነው፣ መኪና እስከ ሌሊት ይገኛል፣ ሐኪም ቤትም ቅርብ ነው። ጉዳቱ ዋጋውና ክለቦቹ ዘግይተው መሞቃቸው ነው፤ ቀድማችሁ ከሄዳችሁ እስኪሞቅ ድረስ ትጠጣላችሁ። ሀያ ሁለት ምግቡ ይበዛል፣ ተቀምጦ ለመጫወት ይመቻል፣ ኪስም ብዙ አይጎዳም። ቺቺኒያ ቤቶቹ የተጠጋጉ ስለሆኑ መዘዋወር ያምራል፤ ሰው የሚጠፋውም፣ መጠጥ የሚደባለቀውም እንዲህ ሲዘዋወሩ ነው። ለትልቅ ቡድን አልመክረውም። ካዛንቺስና ፒያሳን በድሮው ትዝታ አትምረጡ። የፒያሳ ብዙ ክፍል በ2016፣ የካዛንቺስ ደግሞ በ2017 ፈርሷል፤ የምታውቁት ቤት መኖሩን በስልክ ሳታረጋግጡ በጨለማ ፍለጋ አትግቡ። የባህል ምግብ ቤቶችን ደግሞ አትናቁ። እራቱም፣ እስክስታውም በጊዜ ይጀምራል፤ በጊዜም ያልቃል።

ለጠየቃችሁኝ 8 ልጆች ፍርዴ ይኸው፦ ከመካከላችሁ አንዷ አስም እንዳለባት ጽፋችሁልኛል። ስለዚህ ሀያ ሁለት አስፋልት ዳር፣ በረንዳ ያለው ቤት ሂዱ። ምሽት 1 ሰዓት ላይ እራት ብሉ፣ እዚያው ተጫወቱ፣ 6 ሰዓት ላይ ተመለሱ። መደነስ ያማራቸው ከሩብ በታች ከሆኑ ቦሌ ለሌላ ቀን ይቆይ። ፓፏ ግን በቦርሳዋ መኖሩን ከቤት ሳትወጡ በዓይናችሁ እዩ።

ይህን ደግሞ ስክሪንሹት አንሱት፦

አብዝቶ የጠጣ ሰው ስትቀሰቅሱት ካልነቃ፣ በደቂቃ ከ8 ጊዜ በታች ከተነፈሰ፣ በትንፋሾቹ መካከል ከ10 ሰከንድ በላይ ካለፈ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ካንቀጠቀጠው፣ "ተኝቶ ይለፍለት" አይባልም። በጎኑ አስተኙት፣ ትውከት እንዳያንቀው ነው። ምንም አታጠጡት፣ ለማስታወክ ጣት አትክተቱበት፣ ብቻውን አትተዉት። ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ ፖሊስ 991። ሐኪም ቤት ስትደርሱ ምን እንደወሰደ በግልጽ ንገሩን። እኛ የምንጠይቀው ልናክመው እንጂ ልንከስሰው አይደለም።

ለቅዳሜው ግሩፓችሁ ላኩት፤ ቦታውን ለሚመርጠው ልጅ በተለይ። በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ።

መልካም ልደት ለጓደኛችሁ!