ኪቦርዱ “ሞተ” ከመባሉ በፊት

ሰርግ ቤት ውስጥ አንድ ኪቦርድ የአንድ ሙሉ ባንድ ሥራ ይሠራል። ከበሮው፣ ቤዙ፣ ትራምፔቱ ሁሉ ከእሱ ይወጣል። የጥር ሰርግ ሲቃረብ መሣሪያው ዝም ካለ ባለቤቱ የሚያጣው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የወራት እንጀራውን ነው። እዚህ ገራዶ ለጥገና ከሚመጡልኝ ኪቦርዶች መካከል ግን “ሞተ” የተባለው ሁሉ ሞቶ አላገኘሁትም።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንይ። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር የጎማ ጉብታ፣ በጉብታው ውስጥ ደግሞ ካርቦን የተቀባ ጥቁር ነጥብ አለ። ቁልፉ ሲጫን ካርቦኑ ቦርዱ ላይ ያሉትን መስመሮች ያገናኛል፤ ድምፅ ይወጣል። የአመታት ኃይልን የሚለዩ ኪቦርዶች በየቁልፉ ሥር ሁለት ነጥብ አላቸው፤ አንዱ ቀድሞ ይነካል። መሣሪያው በመካከል ያለውን ጊዜ ለክቶ ድምፁን ያጎላል ወይም ያለዝባል። አንዱ ነጥብ አቧራ ከያዘ ቁልፉ ዝም ይላል፤ አለዚያም ያለ ልክ ይጮሃል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ኪቦርዱ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ ይፈታል፤ ጎማውና ቦርዱ ንጹሕ አልኮል በነካ ለስላሳ ጨርቅ ቀስ ተብለው ይጠረጋሉ፤ ሲደርቁ ይገጠማሉ። ካርቦኑን በምላጭ መፋቅ ግን ክልክል ነው፤ ከተላጠ አይመለስም። ሻይ ወይም ለስላሳ ከፈሰሰበት ወዲያው አጥፍቶ መንቀል እንጂ “እስቲ ይሠራ እንደሆን” ብሎ መሞከር አይገባም።

ሁለተኛው ችግር የኃይል ነው። ብዙ ያማሃዎች 12 ቮልትና መሃሉ ፖዘቲቭ የሆነ አዳፕተር ይፈልጋሉ፤ ብዙ የቀድሞ ካሲዮዎች ደግሞ 9 ቮልትና መሃሉ ኔጋቲቭ። ጫፉ ስለገባ ብቻ የሌላ አዳፕተር መሰካት ቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል። ገመዱ ሲነካ የሚጠፋና የሚበራ ከሆነ የሶኬቱ ብየዳ መሰንጠቁን ጠርጥሩ፤ እንደገና ሲበየድ ይድናል።

ሰርጉ ጥገናውን ቢቀድመውስ? ቅኝታችን ያግዛል። ሜጀር ትዝታ አምስት ድምፅ ነው፤ በአምስቱ ጥቁር ቁልፎች ብቻ ይወጣል። ከነጮቹ አንዱ ቢሞት በጥቁሮቹ ተጫውቶ፣ “ትራንስፖዝ” በሚለው ማስተካከያ ድምፁን ወደ ዘፋኙ ልክ ማምጣት ይቻላል። ሜጀር ባቲና አምባሰል ግን ግማሽ ድምፅ ስላለባቸው በጥቁሮቹ ብቻ አይወጡም፤ የሞተውን ቁልፍ የማይነካ ሌላ መነሻ መፈለግ ነው።

ዋናው ቺፕ ከተቃጠለ ጥገናው ከባድ ነው። ያኔም ቢሆን ኪቦርዱን አትጣሉት፤ ጎማው፣ ቁልፉና ስፒከሩ ተመሳሳይ ሞዴል ያለውን ሌላ ሙዚቀኛ ከሥራ ፈትነት ያድናል።