ሆንግጹን፦ ቦይ የቀየሳት የቻይና መንደር

ሆንግጹን የምትባለውን የቻይና መንደር ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከቤቶቹ ባይጀምር ይሻለዋል። ቤቶቹ ያማሩ መሆናቸው አያከራክርም። ነጭ ግድግዳቸውና ጥቁር የሸክላ ክዳናቸው ኩሬው ላይ ሲታይ ዓይን ይይዛል፤ የሥዕል ተማሪዎችም ከየከተማው እየመጡ ዳር ዳሩን ይዘው ሲስሉ ይውላሉ። መንደሯን ያቆማት ግን በየደጃፉ የሚያልፈው ጠባብ የድንጋይ ቦይ ነው። እሱን ከምንጩ እስከ መጨረሻው የተከተለ ሰው፣ ቤቱ ለምን እዚያ እንደተሠራ፣ መንገዱም ለምን እንደተጠማዘዘ ይገባዋል።

መንደሯ የምትገኘው በምሥራቅ ቻይና፣ በአንሁይ ክፍለ ሀገር፣ ከሁዋንግሻን ተራሮች ብዙም ሳትርቅ ነው። መንደሯን በመሠረተው በዋንግ ጎሳ የዘር መዝገብ እንደሚነገረው፣ የቀድሞ ሰፈራቸውን እሳት ቢያጠፋባቸው እ.ኤ.አ. በ1131 ሌይጋንግ በተባለው ኮረብታ ግርጌ ጥቂት ቤቶች ሠርተው ገቡ። እሳት ያፈናቀለው ሕዝብ ስለ ውኃ አብዝቶ ማሰቡ አይገርምም። ቦታው ራሱ ፌንግ ሹይ በተባለው የቻይናውያን የቦታ አመራረጥ ሥርዓት የተመረጠ ነው፤ ከሰሜን ያለው ኮረብታ የክረምቱን ነፋስ ይከላከላል፣ ከፊት ያለው ውኃና ሜዳ ደግሞ ለፀሐይ ክፍት ነው።

ትልቁ የውኃ ሥራ የተሠራው በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ነው። ጎሳው ሄ ኬዳ የተባለውን የፌንግ ሹይ አዋቂ አስጠርቶ የአካባቢውን መሬት አስጠና። ሥራውን እንደመሩት የሚነገርላቸው ግን ሁ ቾንግ የተባሉ የጎሳው እመቤት ናቸው፤ ባለቤታቸው በመንግሥት ሥራ ርቀው ስለነበር ኃላፊነቱ እሳቸው ላይ ወደቀ። በዚያ ዘመን ሴት እንዲህ ያለ የሕዝብ ሥራ ስትመራ መታየቷ ብቻ ታሪኩን ሊነገር የሚገባው ያደርገዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከመንደሩ በላይ ባለው ወንዝ ላይ የድንጋይ ክትር ተሠርቶ የውኃው ከፍታ እንዲጨምር ተደረገ። ከዚያ ውኃው ወደ ቦዩ ይገባና የመሬቱን ተዳፋት ብቻ ተከትሎ ይወርዳል። ቦዩ ከ1,200 ሜትር በላይ ርዝመት ሲኖረው፣ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ወደ ብዙ ደጃፍ ለመድረስ ይጠማዘዛል። በየደጁ ወደ ውኃው የሚያወርዱ የድንጋይ እርከኖች አሉ፤ አትክልት የሚታጠበውም፣ ልብስ የሚታሸውም እዚያ ነው። አንዳንዱ ቤት በግድግዳው ሥር ቀዳዳ አበጅቶ ውኃውን ወደ ግቢው ያስገባል፤ ዓሣ የሚረባበት ትንሽ ገንዳ ሞልቶ ተመልሶ ወደ ቦዩ ይወጣል። ውኃው መንደሩ መሐል ላይ ግማሽ ጨረቃ መሳይ ኩሬ ይሞላል፤ ከኩሬው ዳር የጎሳው የአባቶች መታሰቢያ አዳራሽ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ1607 ደግሞ ከመንደሩ በስተደቡብ ሰፊ ሐይቅ ተቆፈረ። ከሐይቁ የሚወጣው ውኃ እርሻ ያጠጣል። ነዋሪዎቹ ይህን ሁሉ በበሬ ይመስሉታል፤ ኮረብታው ጭንቅላቱ፣ ሁለት አሮጌ ዛፎች ቀንዱ፣ ቤቶቹ ገላው፣ ቦዩ አንጀቱ፣ ኩሬው ሆዱ፣ ድልድዮቹ እግሮቹ ናቸው።

ቦይ ያለ ደንብ ብዙ ሳይቆይ የቆሻሻ መውረጃ ይሆናል፤ የላይኛው ሰፈር ያጠበበት ለታችኛው ይደርሳልና። ስለዚህ በቆየው ልማድ ጠዋት እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ የሚቀዳው ለመጠጥ ብቻ ነበር፤ እጥበት ከዚያ በኋላ ነው። ለእኔ የሆንግጹን ትልቁ ጥበብ ይህ ነው። የድንጋዩን ሥራ አንድ ትውልድ ሊጨርሰው ይችላል፤ ደንቡን ግን እያንዳንዱ ትውልድ በየማለዳው መጠበቅ አለበት።

ቤቶቹን ያሠሩት ጨው፣ ሻይና እንጨት በመነገድ የበለጸጉ፣ ሁይጆው የተባለው የዚህ አካባቢ ነጋዴዎች ናቸው። ወንዶቹ ለዓመታት በንግድ ይርቁ ስለነበር የውጭ ግድግዳው ረጅምና መስኮቱ ጥቂት ነው። ብርሃንና አየር የሚገባው መሐል ላይ ክፍት ከተተወው ጠባብ ግቢ ሲሆን፣ የክዳኑ አራት ጎን ዝናቡን ወደዚያው ያፈሳል፤ ይህም ሀብት ወደ ቤት እንደሚገባ ይቆጠራል። ከክዳኑ በላይ በደረጃ ደረጃ የሚወጣው ግድግዳ ደግሞ አንዱ ቤት ሲቃጠል እሳቱ ወደ ጎረቤት እንዳይዛመት ያግዳል። ከእነዚህ ቤቶች መካከል እ.ኤ.አ. በ1855 የተሠራው ቸንግጂ አዳራሽ በእንጨት ቅርጹ ዝነኛ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 ዩኔስኮ ሆንግጹንን ከጎረቤቷ ሺዲ ጋር በዓለም ቅርስነት መዘገበ። በዚያው ዓመት የወጣው የአንግ ሊ «ክራውቺንግ ታይገር፣ ሂደን ድራገን» ፊልም ከፊሉ እዚያ የተቀረጸ ስለነበር ጎብኚው ጎረፈ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ የጎብኚ አገልግሎቱ በረጅም ዘመን ውል ለኩባንያ ተሰጥቶ ነበር፤ ነዋሪዎቹ ከመግቢያ ትኬቱ የሚደርሰን ድርሻ አነስተኛ ነው ብለው ለዓመታት ተከራክረዋል። ክርክራቸው ተገቢ ነው እላለሁ። ሰዎች የሚከፍሉት እነዚህ ቤተሰቦች ስድስት መቶ ዓመት ያህል እየጠረጉ ያቆዩትን ቦይ ለማየት ነው።

በቻይና ሌላ የጥበቃ መንገድም ተሞክሯል። በጀጂያንግ ክፍለ ሀገር ያለችው የዉጀን ከተማ ምዕራባዊ ሰፈር ነዋሪዎቿ እንዲለቁ ተደርጎ፣ ቤቱ ሁሉ ታድሶ፣ የፍሳሽ መስመርና የኤሌክትሪክ ሽቦው ከመሬት በታች ተቀብሮ ነው ለጎብኚ የተከፈተው። ሥራው ጥንቃቄ የተሞላበት ነው፤ ውኃውም ጠርቷል። ነገር ግን ማታ በር የሚዘጋው ነባሩ ባለቤት አይደለም፤ የሆቴል እንግዳ ነው። ሆንግጹን ብዙ ጉድለት እያለባትም ሰው ይኖርባታል፤ የመጠጥ ውኃ በቧንቧ ቢመጣም ቦዩ ዳር ዛሬም ልብስ ይታጠባል። ከሁለቱ የምመርጠው የሆንግጹንን ነው።

ቻይና እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የባህላዊ መንደሮች ዝርዝር እያወጣች ነው፤ እስከ 2023 ድረስ በስድስት ዙር 8,155 መንደሮች ተመዝግበዋል። ጥበቃው ብዙ ጊዜ የሚያተኩረው ክዳን፣ ግድግዳና በር ላይ ነው። እንደ ሆንግጹን ላሉት ግን ጥበቃው ከክትሩ እስከ መስኖው እርሻ መድረስ አለበት፤ ደለሉን የሚጠርግ ሰው ደመወዝ፣ ቤቱን ወደ ማረፊያ የለወጠ ነዋሪ የመታጠቢያውን ፍሳሽ ከቦዩ የሚለይበት መስመር፣ ኮረብታው ላይ ያለው ደን እንዳይቆረጥ የሚከለክል ደንብም በዚያው በጀት ውስጥ መግባት አለባቸው።