የአክሮባት በረራ ለመማር የትኛውን ሞዴል አውሮፕላን እንግዛ?

ዛሬ ከስልክና ከላፕቶፕ ወጣ ብለን፣ ሰማይ ላይ ስለሚገለባበጥ መሣሪያ እናወራለን። ሶፍትዌር የለበትም ብላችሁ ግን እንዳትዘሉት፤ ወደ መሃል ላይ ቀመርም ኮድም አለበት።

ነገሩን ያነሳው የአጎቴ ልጅ ነው። ቨርጂኒያ ይኖራል፣ 17 ዓመቱ ነው። ለጀማሪዎች በተሠራ የፎም አውሮፕላን አንድ ሙሉ ወቅት በርሯል፤ ማስነሳትም ማሳረፍም ይችላል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሠርቶ 450 ዶላር አጠራቀመና የአንድ አውሮፕላን ፎቶ ላከልኝ። ክንፉ ሰፊ፣ መሪዎቹ የክንፉን ግማሽ የሚያህሉ፣ አየር ላይ በፕሮፔለሩ ተንጠልጥሎ የሚቆም ዓይነት ነው። “ጋሽዬ፣ ይሄ ነው አይደል የሚሻለኝ?” አለኝ።

አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ለሱ ያስረዳሁትን ለእናንተም ላካፍላችሁ፤ ምክንያቱም በዚህ ጨዋታ ብዙ ወጣት ተስፋ የሚቆርጠው ችሎታ አጥቶ ሳይሆን፣ ያጠራቀመውን ገንዘብ በመጀመሪያው ሳምንት መሬት ላይ ተበትኖ ሲያየው ነው።

ራሱን የሚያስተካክል አውሮፕላን አያስተምርም

የጀማሪ አውሮፕላን ሦስት ነገሮች አሉት። ክንፉ ከገላው በላይ ነው። ሁለቱ ክንፎች ጫፋቸው ወደ ላይ ቀና ብሎ ሰፊ “ቪ” ይሠራሉ። ክንፉን እንደ ዳቦ ቆርጠን ከጎን ብናየው ደግሞ ከታች ጠፍጣፋ፣ ከላይ ጎበጥ ያለ ነው። እነዚህ ሲደመሩ፣ አውሮፕላኑ ወደ ጎን ቢያዘነብልም ስቲኩን ስትለቁት ቀስ ብሎ ራሱ ይቃናል።

ለጀማሪ ይህ በረከት ነው። ገልብጣችሁ ለማብረር ስትሞክሩ ግን ያው በረከት ይከራከራችኋል። በጀርባው ስታስተኙት አሁንም መቃናት ይፈልጋል። ጠፍጣፋው የክንፍ ሆድ ወደ ላይ ስለዞረ ደግሞ ከፍታ ለመጠበቅ ኤሌቬተሩን በጣም መግፋት ግድ ይሆናል። ሮል ስትሠሩ መስመሩ ይጣመማል። ጥፋቱ የእጃችሁ ይሁን የአውሮፕላኑ መለየት አትችሉም። ኮድ የምትጽፉ ይገባችኋል፦ ስህተታችሁን ዝም ብሎ የሚያልፍ ፕሮግራም ስህተታችሁን አያሳያችሁም።

ስለዚህ ለአክሮባት የምንፈልገው ያዘዝነውን ብቻ የሚያደርግ አውሮፕላን ነው። 45 ዲግሪ አዘንብል ካልነው እዚያው ይቆያል፤ ተገልበጥ ካልነው ተገልብጦ ይበራል። ምርጫው በሙሉ ከዚህ ይጀምራል።

ሳጥኑ ላይ ምን እንይ?

ክንፉ፦ ከገላው መሃል ወይም ወደ ታች ዝቅ ብሎ የተሰካ፣ ቀጥ ያለ፣ ላይና ታቹ እኩል የጎበጠ (ሲሜትሪካል) ይሁን። ጀርመናዊው ዋልተር ኤክስትራ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1988 መጀመሪያ የበረረው ትልቁ ኤክስትራ 300 ክንፉ እንዲህ ነው። የሞዴል ፋብሪካዎች እሱን ደጋግመው የሚቀዱትም ስለሚያምር ብቻ አይደለም።

መጠኑ፦ ከ1 ሜትር እስከ 1.3 ሜትር የክንፍ ስፋት ያለው ይመቻል። ከዚያ ያነሰውን ነፋስ ይጫወትበታል፤ ከሩቅ ሲታይም ቀና ይሁን ግልብጥ ለዓይን ያስቸግራል። ከዚያ የተለቀው ደግሞ ባትሪውም ጥገናውም ይወደዳል።

ክብደቱ፦ ግራሙን በክንፉ ስፋት (በካሬ ዴሲሜትር) አካፍሉት። 1200 ግራም የሚመዝን፣ 28 ካሬ ዴሲሜትር ክንፍ ያለው አውሮፕላን 43 ገደማ ይሰጣል። በዚህ መጠን ላለ አውሮፕላን ከ35 እስከ 50 ያለው ለእኔ ምቹ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ከፍ ሲል በፍጥነት ማረፍ ይፈልጋል፣ ቀስ ስትሉበትም በድንገት ይወድቃል።

ጉልበቱ፦ ሞተሩ የሚስበው ኃይል ቢያንስ የአውሮፕላኑን ክብደት ያህል ይሁን። በዋት ለማስላት ለአንድ ኪሎ ከ250 እስከ 300 ዋት ብትይዙ ጥሩ መነሻ ነው። ባለ 3 ሴል ሊፖ ባትሪ 11.1 ቮልት ነው፤ 30 አምፒር ሲስብ 333 ዋት ይሆናል። ለ1.2 ኪሎ አውሮፕላን ይበቃል።

የተሠራበት ነገር፦ ፎም። የባልሳ እንጨት ውብ ነው፣ ቀላልና ጠንካራም ነው፤ ሲሰበር ግን ሳምንታት ይወስዳል። ፎም ማታ በሙጫ ተያይዞ ጠዋት ይበራል። ከመግዛታችሁ በፊት ክንፉ፣ ፕሮፔለሩና የማረፊያ እግሩ ለየብቻ መለዋወጫ እንዳላቸው አረጋግጡ።

በዚህ መንገድ ላይ ካሉት የታወቁ ስሞች አንዱ የጀርመኑ መልቲፕሌክስ “አክሮማስተር” ነው። ሌላው ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሚሠራው፣ ፊል ክራፍት የነደፈው “አግሊ ስቲክ” ነው፤ ስሙ እንደሚለው መልከ ጥፉ ነው፣ ግን የሚበረው ቀጥ ብሎ ነው። ገንዘብ ላጠረው ደግሞ የፍላይት ቴስት ነፃ ንድፎች አሉ። ከነሱ አንዱ “ታይኒ ትሬነር” ለአንድ ገላ ሁለት ክንፍ አለው፦ አንዱ ራሱን የሚያቃና፣ ሌላው ባለ ኤለሮን ስፖርት ክንፍ። ካርቶን መሰል ፎም ቆርጣችሁ፣ ክንፍ ብቻ እየቀየራችሁ ከላይ ያወራነውን ልዩነት በእጃችሁ ማየት ትችላላችሁ።

የሚንጠለጠለውስ?

የአጎቴ ልጅ የመረጠው “ስሪዲ” የሚባለው ዓይነት ነው። መሪዎቹ በጣም ሰፊ፣ የሚታጠፉበትም ማዕዘን ትልቅ ስለሆነ የስቲክ ትንሽ ንቅናቄ አውሮፕላኑን ታዞረዋለች። ትርኢቱ የሚሠራው ደግሞ ቀስ ተብሎና ወደ መሬት ተጠግቶ ነው፤ ማለትም ስህተት ለማረም ጊዜም ከፍታም በሌለበት። ቀጥ ያለ ሮልና ክብ ሉፕ ሳይለምዱ እዚያ መግባት ፊደል ሳይቆጥሩ ዳዊት እንደመድገም ነው። ስሪዲ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው አውሮፕላን ይሁን።

ጃይሮ ያለው ልግዛ?

አሁን ብዙዎቹ አውሮፕላኖች ጃይሮ ተገጥሞላቸው ይመጣሉ። ሁለት ዓይነት ሥራ እንዳለው ለዩ። አንደኛው ነፋስ ሲገፋው ብቻ ያርማል፤ የእናንተን ትእዛዝ አይከለክልም። ሁለተኛው፣ ስፔክትረም “ሴፍ” እንደሚለው ያለው፣ ስቲኩን ስትለቁ አውሮፕላኑን ያቃናል፣ ከተወሰነ ማዕዘን በላይ እንዳያዘነብልም ይከለክላል። ሁለተኛው በርቶ ሮል መሥራት አይቻልም። ምክሬ፦ በስዊች የሚጠፋ ከሆነ ግዙት። ግራ ሲገባችሁ የምታበሩት የአደጋ ጊዜ መውጫ ይሁን እንጂ ሁልጊዜ የምትደገፉበት ምርኩዝ አይሁን።

ኮድ ለምትወዱ፦ ኤክስፖ እና ሪሞቱ

ስቲኩ መሃል አካባቢ ለስለስ፣ ጫፉ ላይ ሙሉ ኃይል እንዲሰጥ የሚያደርገው ቅንብር ኤክስፖ ይባላል። የስቲኩን እንቅስቃሴ ሀ፣ የኤክስፖውን መጠን መ ብንለው፣ የተለመደው ቀመር ይህ ነው፦

ውጤት = (1 − መ) × ሀ + መ × ሀ³

መ 0.4 ሲሆን ስቲኩን ግማሽ (0.5) ብትገፉ ውጤቱ 0.35 ነው፤ እስከ ጫፍ ብትገፉ ግን ያው 1 ነው። የሚንቀጠቀጥ እጅ መሃል ላይ ይቅር ይባላል፣ ሙሉ ሮል ሲያስፈልግም ጉልበቱ አልተቀነሰም።

ሪሞት ስትገዙ ኤጅቲኤክስ በተባለው ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር የሚሠራውን አስቡበት። ከአውሮፕላን ወደ አውሮፕላን አብሯችሁ የሚሻገረው እሱ ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ያወጣችሁት ገንዘብ አይባክንም። በሉአ ስክሪፕት መጻፍ ይቻላል፤ በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኝም እንደ ጆይስቲክ ይታያል። ስለዚህ ሪልፍላይት በመሰለ የሚከፈልበት ወይም ፒካሲም በመሰለ ነፃ ሲሙሌተር፣ ሜዳ ላይ በምትይዙት በዚያው ሪሞት ትለማመዳላችሁ። ሲሙሌተር ላይ ሃምሳ ጊዜ መከስከስ ነፃ ነው።

አንድ የምወደው ነገር ልጨምር። የሪሞቱ የድምፅ ማስታወቂያዎች ሜሞሪ ካርዱ ላይ ያሉ ተራ የዋቭ ፋይሎች ናቸው። የራሳችሁን ቀድታችሁ ማስገባት ትችላላችሁ። የኔ ሪሞት ሰዓቱ ሲሞላ በእናቴ ድምፅ “ይበቃል፣ አሁን አውርደው” ይላል። ዓይናችሁ ሰማይ ላይ ሲሆን በአፍ መፍቻ ቋንቋ የተነገረ ማስጠንቀቂያ ቶሎ ይገባል።

ሚዛኑን መፈተሽ

አውሮፕላኑ ተገዝቶ ሲገጠም መጀመሪያ የክብደት ማዕከሉን መመሪያው ባለው ቦታ አድርጉ። ብዙ ጊዜ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ተነስቶ ከ25 እስከ 33 በመቶው ላይ ነው። ከተለማመዳችሁት በኋላ ከፍ ብላችሁ ወደ ላይ በ45 ዲግሪ አቅኑትና ገልብጡት፣ ኤሌቬተሩን ልቀቁ። ወዲያው ወደ መሬት ከተቆለመመ አፍንጫው ከብዷል፤ ባትሪውን ጥቂት ወደ ኋላ ግፉት። ወደ ሰማይ ከታጠፈ ጅራቱ ከብዷል። መስመሩን ይዞ ጥቂት ከሄደ በኋላ በዝግታ ከወረደ ደህና ነው።

የት ይበረራል?

ይህን ሳትጨርሱ ገንዘብ አታውጡ። አሜሪካ ውስጥ 250 ግራምና ከዚያ በላይ የሚመዝን ሞዴል በኤፍኤኤ ይመዘገባል፤ ክፍያው ለ3 ዓመት 5 ዶላር ነው። ትረስት የሚባለውን ነፃ የኢንተርኔት ፈተናም መውሰድ ግዴታ ነው። ቁጥጥር በሌለበት የአየር ክልል ጣሪያው 400 ጫማ (120 ሜትር ገደማ) ነው። መለያ የሚያሰራጨውን ሪሞት አይዲ ሳይገጥሙ ለመብረር ለዚህ ዕውቅና የተሰጠው ሜዳ ያስፈልጋል፤ ብዙ የሞዴል ክለቦች ይህ ሜዳ አላቸው። የአውሮፓ ኅብረት ውስጥም ከ250 ግራም ጀምሮ አብራሪው ይመዘገባል።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች ጥብቅ ናቸው። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በጥር 2022 የግል ድሮንና ቀላል የስፖርት አውሮፕላኖችን በረራ አግዳ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ደንቡ ቢለዋወጥም ፈቃድ ሳትይዙ አትሞክሩት። ወደ አገር ቤት ይዤ ልሂድ ለምትሉም፣ አስቀድማችሁ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ጠይቁ፤ አለበለዚያ ዕቃው ኤርፖርት ላይ ሊቀር ይችላል።

450 ዶላሩ ምን ሆነ?

ሪሞትና ቻርጀር ስለነበረው ግማሽ ያህሉ 1.1 ሜትር ስፋት ላለው ባለ መሃል ክንፍ የፎም አውሮፕላን ዋለ። ከቀሪው ሁለት ባትሪ፣ አራት ፕሮፔለርና ሙጫ ገዛ። የተረፈውን ለጥገና አስቀመጠው፤ እሱ ነው አውሮፕላኑን በሁለተኛው ወርም አየር ላይ የሚያቆየው።

የልምምዱ ተራ ደግሞ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ሉፕ፣ ቀጥሎ ሮል፣ ከዚያ በጀርባ ቀጥ ብሎ መብረር፣ በመጨረሻ ስቶል ተርንና ስፒን። እያንዳንዱን ከፍ ብላችሁ ሥሩ፤ አንድ ብትሳሳቱና ስታርሙም ብትሳሳቱ መሬቱ ገና ሩቅ እንዲሆን። በጀርባው ሆኖ ወደ መሬት ሲያዘቀዝቅ እጅ በልማድ ስቲኩን ወደ ራሱ ይስባል፤ ያን ጊዜ መግፋት ነው የሚያድነው። ይህን እጃችሁ እስኪለምደው ድረስ ሲሙሌተሩን አትዝጉ።

ባትሪውን ስትሞሉ አጠገቡ ሁኑ፣ ፕሮፔለሩ ፊት አትቁሙ። መልካም በረራ!