የሜኮንግ ግዙፍ አምባዛ፤ ኑሮውና የተደቀነበት ጥፋት

በወንዝና በሐይቅ ከሚኖሩት ዓሦች ሁሉ በግዝፈቱ ከቀዳሚዎቹ ማዕርግ የሚቆጠረው የሜኮንግ ግዙፍ አምባዛ፣ በጣናና በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ለምናውቀው አምባዛ የሩቅ ዘመድ ሲሆን፣ የተፈጥሮ መኖሪያው ግን በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚፈሰው የሜኮንግ ወንዝ ተፋሰስ ብቻ ነው። ርዝመቱ እስከ 3 ሜትር ይደርሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በሰሜን ታይላንድ በቺያንግ ኮንግ የተያዘው አንዱ 293 ኪሎ ግራም የመዘነ ሲሆን፣ ለማራቢያ እንዲተርፍ ቢታሰብም ስለ ሞተ ሥጋው ለመንደሩ ሰዎች ምግብ ሆነ።

ይህን የሚያህል አካል ያለው ፍጥረት አድጎ ከጎለመሰ በኋላ ጥርስ የሌለው፣ ሌላውን ዓሣ ከማደን ይልቅ በድንጋይ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ዋቅላሚ እየጋጠ የሚኖር የዋህ እንስሳ መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀው መንገደኛነቱ ነው፤ በክረምት የሜኮንግ ሙላት የቶንሌ ሳፕን ወንዝ ወደ ኋላ መልሶ የካምቦድያን ታላቅ ሐይቅ በሚያሰፋበት ጊዜ በዚያ ሲመገብ ይቆይና፣ ውሃው ሲጎድል ወደ ዋናው ወንዝ ወጥቶ፣ ዕንቁላሉን ለመጣል እስከ ታይላንድና ላኦስ ወሰን ድረስ ሽቅብ እንደሚጓዝ ሊቃውንቱ ያስረዳሉ።

የቺያንግ ኮንግ አጥማጆች መረባቸውን ከመጣላቸው አስቀድሞ ለወንዙ መናፍስት መሥዋዕት ያቀርቡለት የነበረው ይህ ዓሣ፣ ከልክ ያለፈ ማጥመድ፣ ለመርከብ መንገድ ሲባል የሚፈርሱ ቋጥኞችና በወንዙ ላይ የሚሠሩ ግድቦች ተባብረውበት ቁጥሩ ከመቶ ሰማንያ እጅ በላይ እንደ ቀነሰ ስለሚገመት፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ፍጥረታት መዝገብ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራውን የጀመረው የላኦስ የሳያቡሪ ግድብም በዚያው የጉዞ መሥመር ላይ ቆሟል።

የታይላንድ የዓሣ ሀብት ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1983 በሰው እጅ ሊያራቡት ችለዋል፤ የቺያንግ ኮንግም አጥማጆች እ.ኤ.አ. በ2006 ማጥመዱን ለመተው ተስማሙ፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ደግሞ ካምቦድያ ውስጥ በጥቂት ቀናት ስድስት ተይዘው፣ ምልክት ተደርጎባቸው በሕይወት ተለቀቁ። ይህ ሁሉ ምስጉን ሥራ ነው። ነገር ግን የዚህ ዓሣ ሕይወት ጉዞ ነውና፣ በኩሬ ዘሩን ማቆየት ብቻውን አያድነውም፤ ወንዙን የሚካፈሉት መንግሥታት መንገዱን ከሐይቁ እስከ መራቢያው በአንድ ምክር ክፍት አድርገው ሊጠብቁለት ይገባል።