ሻምፓኙ ሳያልቅ

ልብ አንጠልጣይ ፊልም ማለት የሚያስደነግጥ ፊልም ነው የሚል ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል። በር ድንገት ሲበረገድ ማንም ይደነግጣል፤ ድንጋጤ ግን ሦስት ሰከንድ አይቆይም። ልብን አንጠልጥሎ የሚያቆየው አክተሩ የማያውቀውን እኛ ማወቃችን ነው። የፊልም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ በ1962 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ለፈረንሳዊው ዳይሬክተር ለፍራንሷ ትሩፎ ሲያስረዳ ጠረጴዛ ሥር ያለ ቦምብን ምሳሌ አድርጎ ነበር። የልጅነቴ ቪዲዮ ቤት ታዳሚ ግን ማንም ሳያስረዳው ገብቶታል፤ «ዙር! ከኋላህ ነው!» እያለ አግዳሚውን ይደበድብ ነበር።

ያለጥፋቱ የሚሳደድ ሰው፣ የሚከዳ ወዳጅ፣ የሚቆጥር ሰዓት፦ እነዚህን ሁሉም ያውቃቸዋል። «አክተሩ አይሞትም» የምንለውን ሕግ ደግሞ የሂችኮክ «ሳይኮ» በ1960 እ.ኤ.አ. ገና ፊልሙ ሳይጋመስ አፈረሰው።

እኔ የምወደው ሰዓት የ«ኖቶሪየስ» ነው፤ ይህም የሂችኮክ ፊልም ነው፣ የ1946 እ.ኤ.አ.። ለአሜሪካ የምትሰልለው አሊሺያ (ኢንግሪድ በርግማን) ሪዮ ዴ ጄኔሮ ውስጥ የናዚዎችን ሸሪክ አግብታለች። የግብዣው ምሽት ላይ የወይን ጠጅ ማከማቻውን ቁልፍ ከባሏ ሰርቃለች። ካሜራው ከአዳራሹ ጣሪያ ሥር ተነስቶ፣ በእንግዶቹ አናት ላይ ቁልቁል ወርዶ ወርዶ፣ ጭብጧ ውስጥ ያለችው ቁልፍ ላይ ያርፋል። የሥራ ባልደረባዋ ምድር ቤቱን ሊፈትሽ ይወርዳል። ቦምብ የለም፤ ሰዓትም አይታይም። ያለው በረዶ ውስጥ የተቀመጠ ሻምፓኝ ነው። እሱ ካለቀ ባልየው ሌላ ሊያመጣ ይወርዳል፤ ቁልፉም እንደሌለ ያያል። እያንዳንዱ «ለጤናችን» የሚል እንግዳ ሳያውቀው የሁለቱን ዕድሜ ይጨልጣል።

ይህን ፊልም ለእህቴ ሳሳያት፣ ቁልፉ በሚታይበት ሰዓት ስልኳን ትነካካ ነበር። ወዲያው «ጠርሙሱን ምን ደጋግመው ያሳዩናል?» አለችኝ። እንዲህ ላለው ተመልካች ፊልሙ ምን ያድርግለት? «ሳይኮ» ሲታይ ሂችኮክ አርፍዶ የመጣን ሰው ሲኒማ ቤት እንዳይገባ ያስከለከለው ወዶ አይደለም። ተናደድኩ፤ ግን ወደ ኋላ መለስኩላት። አሁን ስልኳን ደፍታ ጠርሙስ መቁጠር ያዘች። አንድ ወፍራም ሰውዬ መጥቶ ብርጭቆውን በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ ሲሄድ አላስቻላትም።

«ኧረ ይሄን ሰካራም አንድ በሉት!»

ሰውዬው ራሱ ሂችኮክ ነበር።