የተቋረጠ ሴሚስተር ዕዳ

አሜሪካ ውስጥ ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው ኮሌጅ ሲገባ የፌዴራል መንግሥት ፔል ግራንት የሚባል ገንዘብ ይሰጠዋል። ብድር ስላልሆነ ሴሚስተሩን የጨረሰ ተማሪ የሚመልሰው ነገር የለውም። ከ2023 መኸር ጀምሮ በተከታታይ ሦስት የትምህርት ዓመታት ከፍተኛው መጠን በዓመት 7,395 ዶላር ነበር። በዲቪ መጥቶ ግሪን ካርድ የያዘ ኢትዮጵያዊ እንደ ዜጋው ሁሉ ፋፍሳ የሚባለውን የእርዳታ ማመልከቻ ሞልቶ ያመለክታል። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቀን እየሠራ ማታ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚማር ብዙ ወገናችን የትምህርቱን ክፍያ የሚሸፍነው በዚሁ ገንዘብ ነው።

ጣጣው የሚመጣው ሴሚስተሩ በመሐል ሲቋረጥ ነው። የሥራ ሺፍት ይቀየራል፣ ልጅ ይታመማል፣ ወይም አገር ቤት ያለች እናት ታርፍና ለለቅሶ መሄድ ግድ ይሆናል። ተማሪው «ለሚቀጥለው ሴሚስተር እመለሳለሁ» ብሎ ክላሱን ይተዋል። ከሳምንታት በኋላ ኮሌጁ «ያልተከፈለ ሂሳብ አለብዎት» የሚል ኢሜይል ይልክለታል። እርዳታ ተብሎ የተሰጠው ገንዘብ እንዴት ዕዳ ሊሆን እንደቻለ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው ሰው ግን እምብዛም አያገኝም።

የነገሩ ሥር የ1965ቱ የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የፈረሙት ቴክሳስ ውስጥ ሳን ማርከስ ላይ፣ ራሳቸው በተማሩበት ኮሌጅ ነበር። የፌዴራል እርዳታና ብድር የሚተዳደረው በዚህ ሕግ አራተኛ ክፍል ነው። በ1998 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት ማሻሻያ፣ ተማሪ ትምህርቱን ሲያቋርጥ ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስ አንድ ወጥ ስሌት አወጣ፤ ኮሌጆችም ከኦክቶበር 2000 ጀምሮ ሁሉም እንዲሠሩበት ተደረገ። የፋይናንሻል ኤይድ ሠራተኞች «አር ቱ ቲ ፎር» የሚሉት ይህንኑ ነው።

ስሌቱ እርዳታውን እንደ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ያየዋል። ተማሪው ገንዘቡ የሚገባው በቆየባቸው ቀናት ልክ ነው። ሴሚስተሩ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው በካሌንደር ይቆጠራል፤ ቅዳሜና እሑድም ይገባሉ፤ ከቁጥሩ የሚወጣው አምስት ቀንና ከዚያ በላይ የሚረዝም እረፍት ብቻ ነው። 110 ቀን ካለው ሴሚስተር በ33ኛው ቀን የወጣ ተማሪ የእርዳታውን 30 በመቶ አግኝቷል ይባላል። ከሴሚስተሩ 60 በመቶ በላይ ከቆየ ግን ሙሉው የእሱ ነው። ለዚህ ሴሚስተር ወሳኙ ቀን 67ኛው መሆኑ ነው። በ64ኛው ቀን የሚወጣና ሦስት ቀን ታግሦ የሚወጣ ተማሪ የሚገጥማቸው ሂሳብ የትየለሌ ይለያያል።

ይህን በገንዘብ እንየው። ተማሪዋ ለሴሚስተሩ 3,600 ዶላር ፔል አገኘች እንበል። ኮሌጁ 2,600 ዶላሩን ለትምህርት ክፍያ ወሰደ፤ ቀሪው 1,000 ዶላር፣ ሁላችንም ሪፈንድ የምንለው፣ በእጇ ገባ፤ ለመጽሐፍና ለቤት ኪራይ ዋለ። በ30 በመቶው ላይ ስታቋርጥ የሚገባት 1,080 ዶላር ብቻ ይሆናል። ያልሠራችበት 2,520 ዶላር ወደ መንግሥት ይመለሳል። ከዚህ ውስጥ ኮሌጁ የራሱን ድርሻ፣ ማለትም የክፍያውን 70 በመቶ 1,820 ዶላር፣ በ45 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ቀሪው 700 የእሷ ድርሻ ነው። እዚህ ላይ ሕጉ ይራራላታል፦ ተማሪ ከግራንት የሚመልሰው ከተቀበለው ጠቅላላ ግራንት ግማሹን የሚበልጠውን ብቻ ነው፤ 50 ዶላርና ከዚያ በታች ከሆነም አይጠየቅም። ስለዚህ ለመንግሥት በቀጥታ የምትከፍለው ምንም የለም።

ዕዳው ግን ከዚህ በኋላ ነው የሚወለደው። ኮሌጁ 1,820 ዶላር ለመንግሥት ሲመልስ በሂሳቧ ላይ ቀዳዳ ይቀራል፤ ያንን ቀዳዳ እንድትሞላ የምትጠየቀው እሷ ነች። የኮሌጁ የራሱ የክፍያ መመለሻ ጊዜ በብዙ ቦታ ገና በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ስለሚዘጋ፣ በ33ኛው ቀን የወጣች ተማሪ ከኮሌጁ በኩል አንዲት ሳንቲም አይቀነስላትም። እኔ ፍትሕ የጎደለው እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ተማሪዋ እርዳታውን የምታገኘው ቀን በቀን እየተሰላ ሲሆን፣ ኮሌጁ ክፍያውን ወር ሳይሞላ ጠቅልሎ የራሱ ያደርጋል። ሕጉ የወጣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሪፈንዱን ተቀብሎ የሚሰወር ሰው በእርግጥ አለ። ነገር ግን እናቷን ልትቀብር የሄደችውና ገንዘብ ይዞ የጠፋው በአንድ ሚዛን መመዘናቸው ልክ አይደለም። ሊላላ የሚችል ነገር መሆኑም ታይቷል፦ በ2020 በኮሮና ምክንያት ያቋረጡ ተማሪዎችን ጉዳይ ኮንግረስ በኬርስ አክት በዚህ ስሌት ከሚመጣው ተመላሽ ነጻ አድርጎ ነበር።

ከሁሉ የሚከፋው ዝም ብሎ መቅረት ነው። ሳይናገር የጠፋና በሁሉም ክላስ ኤፍ ያገኘ ተማሪ፣ ኮሌጁ ሌላ ማስረጃ ከሌለው፣ በሴሚስተሩ አጋማሽ እንደወጣ ሊቆጠር ይችላል፤ ሂሳቡም ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ ይመጣል። አንድም ቀን ያልገባበት ክላስ ካለ ለእሱ የተሰጠው ፔል እንዳለ ይነሳል። በኦንላይን ለሚማሩም አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፦ ሲስተሙ ውስጥ ገብቶ መውጣት እንደ መከታተል አይቆጠርም። የቤት ሥራ ማስገባት፣ ፈተና መውሰድ ወይም በትምህርቱ ውይይት መሳተፍ ያስፈልጋል።

ያልተከፈለው ሂሳብ በዚያው አይቆምም። ምዝገባ ይታገዳል፤ ቆይቶም ጉዳዩ ለዕዳ አስመላሽ ድርጅት ይተላለፍና ተጨማሪ ክፍያ ይታከልበታል፤ የመንግሥት ኮሌጅ ከሆነ የክፍለ ግዛቱ የታክስ ተመላሽም ሊያዝ ይችላል። ትራንስክሪፕት መከልከልን ካሊፎርኒያ ከ2020 ጀምሮ አግዳለች፤ ከጁላይ 2024 ወዲህ ደግሞ በፌዴራል ደረጃ፣ በዚህ እርዳታ ተከፍሎ ሂሳቡ የተዘጋ ሴሚስተር ውጤት መከልከል የለበትም። ብድር የወሰደ ተማሪ ደግሞ ከግማሽ ጊዜ በታች ሲወርድ ወይም ሲያቋርጥ የስድስት ወሩ የእፎይታ ጊዜ መቆጠር ይጀምራል።

ታዲያ ለመውጣት ያሰበ ሰው ምን ያድርግ? ከሁሉ በፊት ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ሄዶ «ዛሬ ብወጣ ስንት ይመጣብኛል? 60 በመቶው የሚያልፈው በየትኛው ቀን ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል። ሁሉንም ክላስ ከመተው አንዱን ይዞ መጨረስ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ስሌት ያድናል። መምህሩ ኢንኮምፕሊት (ቀሪውን ሥራ በኋላ ለመጨረስ የሚያስችል ጊዜያዊ ውጤት) ሊሰጥ ይችል እንደሆነ፣ ኮሌጁ በሕመም ወይም በሐዘን ምክንያት ክፍያ ይቀንስ እንደሆነ መጠየቅ መብት ነው። የኋላ ኋላ እርዳታው በውጤት ምክንያት ቢቋረጥ የፌዴራሉ ደንብ የዘመድ ሞትን፣ የራስን ሕመምና ጉዳትን የይግባኝ ምክንያት አድርጎ በስም ይጠቅሳል። ስለዚህ ለለቅሶ አገር ቤት የሄደ ሰው የሞት የምስክር ወረቀቱን አስተርጉሞ፣ የአውሮፕላን ትኬቱንም ይዞ ይመለስ።

ለኮሌጆችም አዲስ በር ተከፍቷል። በጃንዋሪ 2025 የወጣውና ከጁላይ 2026 ጀምሮ እንዲሠራ የተወሰነው ደንብ፣ ኮሌጁ ያቋረጠውን ተማሪ ጭራሽ እንዳልጀመረ ቆጥሮ እርዳታውን ሁሉ ከመለሰ፣ የራሱን ክፍያ ከሰረዘና ዕዳውን ካነሳለት ስሌቱን እንዲተው ይፈቅዳል። ነገር ግን ፈቃድ እንጂ ግዴታ አይደለም፤ የሚጠይቅ ከሌለ ወረቀት ላይ ይቀራል። የኮሚዩኒቲ ማኅበሮቻችን፣ ቤተ ክርስቲያኖቻችንና መስጊዶቻችን አዲስ መጤውን ፋፍሳ ሲያስሞሉ የመውጫውን ሕግ አብረው ያስረዱት፤ በየአካባቢያቸው ላሉ ኮሌጆችም ይህን ፈቃድ እንዲጠቀሙበት በጽሑፍ ይጠይቁ።